በወጌሻዋ ላይ ያላከክኩት ጥፋት

ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። ነርስ ሆኜ ጀምሬ፣ ኋላ ፊዚዮቴራፒ ተምሬ፣ የሰው ወገብ ሳሽና እግር ሳነሳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጂንካ ገበያ ውስጥ «ዶክተር ግርማ!» ብሎ የጠራኝን ሰው አንድም ቀን አርሜው አላውቅም። መጀመሪያ አካባቢ አፍር ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፤ ከዚያ ደግሞ በስሜ ብቻ የሚጠራኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ቅር ይለኝ ጀመር። ከዚህ በታች ለምጽፈው ነገር ሁሉ ይህች ቅሬታ ሥሩ ሳትሆን አትቀርም።

ጡረታ ስወጣ የክሊኒካችን ልጆች ጋቢ አለበሱኝ። ኬክም ተቆረሰ። ከዚያ አንዷ ወጣት ነርስ ተነስታ «ጋሼ፣ ዲስክን ያለ ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚያክሙ ይጻፉልን፤ እውቀቱ ከእርስዎ ጋር እንዳይቀር» አለችኝ። ሁሉም አጨበጨቡ። ልቤ አበጠ። በማግሥቱ ደብተር ገዝቼ ጀመርኩ። ሦስት አራት ገጽ እንደጻፍኩ አስቴር የምትባል ሴት ላይ ደረስኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ሳምንት ደብተሩን ሳልከፍት ቆየሁ። አሁን የምጽፈው ልጆቹ የጠየቁኝን ብቻ አይደለም። የጠየቁኝም አለበት፣ ቢሰሙት ጋቢውን የሚያስመልሰኝም አለበት።

ወደ ደቡብ ኦሞ የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ፣ ከብርድ በቀር የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ዕጣ ሳወጣ ዲመካ ደረሰኝ፤ ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ዲመካ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ሃና የምትባል ከተማ አንድ ዓመት ከምናምን ሠራሁ። የዲመካው አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ከዳነ ሰው ይልቅ የተሞላ ቅጽ ያስደስተዋል። የሃናው ደግሞ መኪና ሲመጣ ብቻ ቢሮ የሚገኝ ሰው ነበር፤ መኪና ደግሞ ብዙም አይመጣም። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

በነዚያ ዓመታት ወገቡን ያመመው ሰው ሲመጣ የማውቀው ነገር መርፌ መውጋት ነበር። ዲመካ ላይ አንድ የሐመር ሽማግሌ አራት ጊዜ ወግቼ ላክሁት። በአምስተኛው መጣና በአስተርጓሚ «የአንተ መድኃኒት ከብቶቼ እስኪገቡ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራ የለህም ወይ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከንክኖኝ ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ካመለከቱት የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ።

አዲስ አበባ ያስተማረችኝ ሲስተር ወርቅነሽ ናት። ቀጭን፣ ነጠላ ጫማ የምታደርግ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። የማውቀውን ሁሉ ከእሷ ነው ያገኘሁት። ዲስክ ማለት በወገብ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለ ነገር ነው። ከቦታው ሲያፈተልክ ነርቭ የሚሉት ጅማት ላይ ያርፋል፤ እግር ድረስ የሚነዝረው ያ ነው። አብዛኛው ሰው ጊዜና ትክክለኛ እንቅስቃሴ ከሰጡት ቢላ ሳይነካው ይድናል። እሷ ግን ይህን በቃል ከማስተማሯ በፊት ለአንድ ወር የምታደርገውን ብቻ እንድናይ አደረገችን።

በሽተኛው ሲገባ ጫማውን ሲያወልቅ ታየዋለች። «ጎንበስ ብሎ ነው ያወለቀው ወይስ በሌላኛው እግሩ ረግጦ?» ትለናለች። እጇን በሞቀ ውሃ ሳትታጠብ የሰው ገላ አትነካም። አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጥና በሽተኛው ከላይ፣ እሷ ከታች ሆና ታወራዋለች። አብሮ የመጣውን ዘመድ በትህትና ታስወጣለች፤ ማንም ይሁን ማን ታስወጣለች። አስተርጓሚ ካስፈለገ ሴትን በሴት፣ ወንድን በወንድ። መጨረሻ ላይ ፊቷን አዙራ አንሶላ ማጠፍ ትጀምርና፣ ድንገት ትዝ እንዳላት ሁሉ «ሽንት እንዴት ነው? ይመጣል? ጭንሽ መሀል ስትታጠቢ ይሰማሻል?» ትላለች። ፊቷን የምታዞረው ሴትዮዋ እንዳታፍር ነው። አንሶላው የታጠፈ ሆኖ እያለ ፈትታ ስታጥፈው ሁሉ አይቻለሁ።

«ይህቺን ጥያቄ ሳትጠይቅ በሽተኛ እንዳትለቅ» አለችኝ አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን። «ሌላው የወገብ ችግር ሁሉ ሳምንትም ወርም ይጠብቅሃል። ዲስኩ መሀል ለመሀል ወጥቶ የሽንቱንና የእግሩን ጅማት በሙሉ ከረገጠው ግን አይጠብቅህም። በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ጥገና ካልላክኸው ሰውየው አይመለስልህም።» እኔም በደብተሬ ጻፍኩት፤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አላውቅም ነበር እንዳልል ነው ይህን የማነሳው።

ሥልጠናውን ጨርሼ ስመለስ ጂንካ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ቀጠረችኝ። መሣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። አናጺ አልጋ ሠራልኝ፤ ወገብ መሳቢያ የሚሆን መዘውር ከተደፈነ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ነቅዬ አመጣሁ፤ ለክብደት ከኔሪ ወንዝ አሸዋ በጆንያ አስሞላሁ። ሆድ ሥር የሚገባውን ትራስ ከደረቀ የኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አሰርኩት። የኮባው ትራስ ከስፖንጅ ይሻላል፤ የሚበቃውን ያህል ይሰምጥና ይቆማል። ሰዎቹም ቤታቸው ሄደው ራሳቸው ይሠሩታል፤ እንሰት ያለበት ጓሮ ውስጥ ኮባ አይጠፋም።

ሥራው እንዲህ ነው። በሽተኛውን በሆዱ አስተኛዋለሁ። መተኛቱን ሲለምደው በክርኑ ይደገፋል፤ ሲቆይ በእጁ ደረቱን ያነሳል፤ ወገቡ ግን አልጋው ላይ እንዳለ ይቀራል። አሥር ጊዜ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ህመሙ የት እንዳለ በየቀኑ በጣቱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። ባት ላይ የነበረው ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ደግ ምልክት ነው፤ ወገቡን ከበፊቱ ይበልጥ ቢያመው እንኳን ደግ ነው። ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ደግሞ አቁመን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። «እግርህን ለቀቀህ?» እላለሁ። «ለቀቀኝ» ሲሉኝ ከእነሱ በላይ የምደሰተው እኔ ነበርኩ።

ከዲመካ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ በሚኒባሱ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ መጥቶ ከአምስት ሳምንት በኋላ ራሱ እየነዳ ተመለሰ። በየመናኸሪያው አወራልኝ። ቀዶ ጥገና ተቀጥሮላት የነበረች አስተማሪም በእኔ እጅ ዳነች። ስሜ ወጣ። ስሜ ሲወጣ ደግሞ ጠላት ያስፈልገኝ ጀመር፤ ወጌሻዎቹን ጠላት አደረግኋቸው። እርግጥ አንዳንዱ ወጌሻ የሰው ወገብ ላይ ቆሞ ይረግጥ ነበር፤ ያበላሹትን አይቻለሁ። እኔ ግን ልዩነት አላደረግኩም። ክሊኒኩ በር ላይ «ወጌሻ ጋ የሄደ እዚህ አይምጣ» ብዬ በቀይ ቀለም አጽፌ ሰቀልኩ። ውጤቱ ሰው ወጌሻ ጋ መሄዱን መተው ሳይሆን መደበቅ ሆነ።

አስቴር የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከጂንካ በላይ ደጋው ላይ ካለ የአሪ መንደር የመጣች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጭቃውን ከወገቧ ጎንበስ ብላ ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ሲሆን ድስቱንና እንስራውን በገመድ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ ቁልቁለቱን ወደ ገበያ ትወርዳለች። ባሏ ሃና በኩል ለቀን ሥራ ሄዶ ስለነበር ይዟት የመጣው የባሏ ታናሽ ወንድም ጴጥሮስ ነው። የመንደሩ አስተማሪ ነው፤ ትሑት፣ አማርኛው የጠራ። የእሷ አማርኛ ያኔ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጥራት አያልፍም ነበር። እኔ ደግሞ ያን ያህል ዓመት ጂንካ ተቀምጬ አሪኛዬ ከሰላምታ አላለፈም፤ እሱም ለብቻው አንድ ኀፍረት ነው።

ግራ እግሯን ትንሽ ሳነሳው ጮኸች። የእግሯን አውራ ጣት ወደ ላይ ግፊ ስላት ደከመባት። ዲስክ ነው፤ ጥርጥር አልነበረኝም። በሆዷ አስተኛኋት። በሁለተኛው ሳምንት ህመሙ ባቷን ለቀቀ፣ በሦስተኛው ጭኗን። ሁለት ወር ዕቃ እንዳታነሳ ነገርኳት። በጴጥሮስ በኩል «ሁለት ወር ሙሉ ሳልሸከም?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ማን ይሸከምላታል ብዬ አልጠየቅኩም። ለአንድ ወር ያህል ታገሰች። ከዚያ ለቅዳሜ ገበያ አንድ ትልቅ እንስራ ስታነሳ ወገቧ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ።

ጎረቤት መጀመሪያ የወሰዳት እማማ ማርታ ጋ ነው። እማማ ማርታ የመንደሩ ወጌሻ ናት፤ ለአስቴር ደግሞ የእናቷ እህት። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻትም እሷ ነች። እኔ ስሟን አውቀው ነበር፤ በዚያ አካባቢ ከእኔ ይልቅ ሰው የሚሄደው እሷ ጋ ስለነበር አልወዳትም ነበር።

ጠዋት ላይ አራት ወንዶች አስቴርን በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ጴጥሮስ ከፊት፣ እማማ ማርታ ከጎን። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ እግሯ አቧራ ለብሷል። ገና ስገባ እጄን ያዘችኝ።

«ዶክተር፣ ይቺን ልጅ ቶሎ እይልኝ። እኔ አላሸሁም። ለእኔ እጅ አይሆንም ይሄ።»

«ካላሸሽ ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ዳሰስኩ። በቅቤ ዳሰስኩ ብቻ። ከዚህ ወደ ታች አይሰማትም» አለችና እጇን በራሷ ቀሚስ ላይ አድርጋ ጭኗ መሀል አሳየችኝ። ጴጥሮስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ከትናንት ጀምሮ ሽንትም...»

«በቃ! ውጪልኝ!» አልኩ። «አንቺ ነሽ ደግሞ ለእኔ የምታስተምሪው? የበሩን ጽሑፍ አላየሽም?» እናቴን የምታክል ሴት ላይ፣ አራት ጎልማሶች ቆመው እያዩ፣ እንዲህ ብዬ ጮህኩ። ወጥታ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሽንት» ስትል ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብዬ ራሴን ማሳመን የጀመርኩት ኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ጆሮዬ ጤነኛ ነበር።

በጴጥሮስ በኩል ህመሙን ጠየቅኋት። «እግሯን አያማትም ትላለች» አለኝ። ደስታዬን አልችለውም! እግሯን ለቆላታል፤ ወደ ወገቧ ተሰብስቧል፤ ሕክምናዬ በእንስራም አልፈረሰም። እግሯን ያላመማት ጅማቱ ሞቶ ስለደነዘዘ መሆኑን ማንም ተማሪ ሊያውቀው ይችል ነበር። እኔ ግን ማየት የፈለግኩትን አየሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ። ጴጥሮስ ራስጌዋ ላይ ቆሟል። የባሏን ወንድም «ሽንቷን ጠይቃት፣ ጭኗ መሀል ይሰማት እንደሆነ ጠይቃት» ልለው አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። እሱም ያፍራል፣ እሷም ትሞታለች እንጂ አትመልስም። እሱን ላስወጣው ብል ማን ያስተረጉምልኛል? በዚያች ሰዓት አሪኛም አማርኛም የምታውቅ፣ ሴት የሆነች፣ ነገሩንም አስቀድማ የጠየቀች አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷን ደግሞ አሁን አባርሬ ደጅ አስቀምጫታለሁ። በሩን ከፍቼ «እማማ፣ ይግቡ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልቻልኩም። ካርዱ ላይ «ሽንት» የሚል መስመር አለ። ጎኑ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ አስተኛኋት። በማግሥቱ ስብሰባ ነበረኝ፤ በር ላይ ሆኜ «እንዴት ናት?» ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛችን መጥታ «የዚች ሴትዮ ሆድ እኮ ተነፍቷል፤ አልጋውም ርሷል» አለችኝ። ሮጥኩ። በቱቦ ሽንቷን ስናወጣ ከረጢቱ ሞላ፣ ሌላ ቀየርን፣ እሱም ሞላ። በመርፌ ጫፍ ጭኗ መሀል ነካሁ፤ ምንም የለም። ሁለቱም እግሮቿ ከአልጋው አልነሳ አሉ። እሷ ደግሞ ፊቴን ነበር የምታየው። ምን እንዳደረግኩ ያወቅኩት በዚያችው ቅጽበት ነው።

ጥፋቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ይሳሳታል ብዬ ከራሴ ጋር እታረቅ ነበር። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። የሪፈር ወረቀት ልጽፍ ተቀመጥኩ። የሚቀበላት ሐኪም መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንዳያት ይጠይቃል። «በባህል ወጌሻ ከታሸች በኋላ የጀመረ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወጣሁና ለጴጥሮስ «አክስቷ ናት ያበላሸቻት» አልኩት። ጴጥሮስ ወደ አስቴር ዞሮ አክስቷ ነክታት እንደሆነ ጠየቃት። አስቴር አዎ፣ በእጇ ነክታኛለች አለች። «ያ ነው እንግዲህ» አልኩ። ሲተረጎምላት ዓይኗን ጨፈነች።

ትልቅ ሆስፒታል ደርሳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ከወራት በኋላ በሁለት ምርኩዝ ተመለሰች። ግራ እግሯ ይጎተታል። ሽንቷ ዛሬም በቱቦ ነው የሚወጣው። ጭቃ ጎንበስ ብሎ መሥራት ቀረ፤ የሌሎችን ሸክላ እየተረከበች ጂንካ ገበያ ከፍ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች።

እማማ ማርታን የቀበሌው ሰዎች ስብሰባ ጠሯት። እኔም በባለሙያነት ተጋብዤ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ከእንግዲህ የሰው ገላ እንዳትነካ ተነገራት። ተነስታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ያበላሸሁ እኔ ብሆን፣ ራሴ ይዤ ወደ እሱ እሄድ ነበር?» ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ የሆነ ነገር እንደሚጽፍ ሰው እስክሪብቶዬን አንቀሳቀስኩ። ምንም አልጻፍኩም፤ ክብ ክብ ነበር የምሥለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር ይባላል፤ እኔን አልዋጠችኝም፣ ስብሰባው ሲያልቅ ለስላሳ ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ወርቅነሽን በስልክ አገኘኋትና ነገሩን አጫወትኳት፤ የወጌሻዋን እጅ ጨምሬ። ስጨርስ «ሽንቷን መቼ ጠየቅካት?» አለችኝ። «በመጣች ዕለት» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልሰማሁም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» ስል «እሺ» አለችና ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም፤ እኔም አልደወልኩም።

ሥራዬን ግን ለወጥኩ። ይህንን የተማሩት የክሊኒኩ ልጆች ያውቃሉ። ሴት ስትመጣ ሴት አስተርጓሚ፤ ዘመድ ይወጣል፤ ጥያቄዋ አትቀርም። በዚያች ጥያቄ ሁለት ሰዎች በጊዜ አግኝቼ በመጡበት ሰዓት ልኬአለሁ። ሁለቱም ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይስሙኛል። የተሳምኩት በአስቴር እግር ነው። ለወጌሻዎች ሥልጠና ስጥ ስባልም ሰጠሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የእማማ ማርታን ነገር ስሟን ሳልጠራ ምሳሌ አድርጌ አስተማርኩበት። አንድ ሽማግሌ «ሴትዮዋ ሳትነካት በፊት ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልነበረም» አልኩት።

እማማ ማርታ ያረፈችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የነገረኝ ጴጥሮስ ነው፤ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሲጠብቅ አገኘሁት። «ነፍስ ይማር» አልኩና እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ከእሱ ተለይቼ ጥቂት እንደሄድኩ የተሰማኝን ልናገር። ቀለለኝ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም አልኩ። በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ይህች ትብሳለች።

እንግዲህ ደብተሬን ዘግቼ ሁለት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። በሸክላ ተራ በኩል ካለፍኩ ዓመታት ሆኖኛል፤ ዞሬ ነበር የምሄደው። አስቴር ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አማርኛዋ አሁን እንደ ማንም የጂንካ ነጋዴ ነው።

«ዶክተር! ጠፍተሃል እኮ። ጡረታ ወጣህ አሉ።»

«አስቴር፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ተናገር። ገዢ ሲመጣ ግን ታቋርጠዋለህ» ብላ ሳቀች።

ድስቶቿ መሀል ቁጢጥ ብዬ ነገርኳት። እማማ ማርታ ምን ልትነግረኝ እንደነበር፣ እንዴት እንዳባረርኳት፣ ካርዱ ላይ ያልጠየቅኩትን መጻፌን፣ መዳሰሷ ምንም እንዳላደረጋት፣ በዚያው ቀን ብልካት ኖሮ ምናልባት ያለ ምርኩዝ ትሄድ እንደነበር። አንዲት ሴት መጥታ ድስት አንስታ ዋጋ ጠየቀቻት፤ አልመለሰችላትም፤ ሴትዮዋ አስቀምጣው ሄደች። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች፣ ምርኩዟን ታነሳብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲያውም እንድታነሳብኝ ፈልጌ ነበር።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴን አናግሬያት አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ምግብ ትልክልኝ ነበር። እመልሰው ነበር። በር ላይ ቆማ አስቴር፣ አስቴር ትለኛለች፣ ዝም እላለሁ።»

«አላወቅኩም ነበር» አልኩ።

«ስትሞት አልቀበርኳትም። ሬሳው በደጄ ነው ያለፈው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በሩን ዘጋሁ።» እጇን ጭኖቿ ላይ አደረገች። «አሳድጋኛለች እኮ። አሁን የት ሄጄ ነው የማለቅስላት? ንገረኝ። አንተ ዶክተር ነህ፣ ንገረኝ!»

«ዶክተር አይደለሁም» አልኳት። ምን እንደሚረባት አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር።

አጠገቧ ላለችው ሴት ሸክላውን አደራ አለቻትና ምርኩዞቿን አነሳች። «ተነስ። የአክስቴ ልጅ ቤት እንሄዳለን።» ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱ እስከሚያስኬደው ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት በእግር ነው። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ «ተው» አለችኝ። በየአሥር እርምጃው ትቆማለች፤ እኔም ከኋላዋ እቆማለሁ። የግራ ጫማዋ ጫፍ አፈሩን እየጫረ ሲሄድ ያን ሁሉ መንገድ ዓይኔን ከዚያ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

የእማማ ማርታ ልጅ ሩት ትባላለች። ጓሮዋ ውስጥ ነበረች፤ አስቴርን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። በአሪኛ የሆነ ነገር አለቻት፤ ትርጉሙን ባላውቅም ግቢ ማለት አልነበረም። አስቴር ወደ እኔ ዞራ «ሩት አማርኛ ታውቃለች። ተናገር» አለችኝ።

ተናገርኩ። ገበያ ላይ ከተናገርኩት አጠረ። «እናትሽ አስቴርን አላበላሸቻትም። ይዛት የመጣችው ልታድናት ነው። ያበላሸኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያም በእናትሽ ላይ አላከክኩ» አልኩ። ሩት በአጠገቤ አልፋ ሄዳ የአስቴርን ምርኩዞች ከብብቷ ተቀበለቻት፤ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻቸው፤ ትከሻዋን ይዛ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ አስቀመጠቻት። አስቴር ያን ጊዜ ጮኸች። ሩትም አብራት ተቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤቶች ሰምተው መምጣት ጀመሩ፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አጠገባቸው እየተቀመጡ አብረው ያለቅሱ ጀመር። ለእያንዳንዱ ለሚመጣ ሰው መደቡ ላይ ጠጋ ጠጋ እያሉ ቦታ ይለቁለት ነበር።

እኔን ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም። ሂድም ያለኝ የለም። ጋሼ፣ ዶክተር ብሎ የጠራኝም የለም። ግቢው መሀል እንደቆምኩ ለቅሶው እስኪያበቃ ጠበቅኩ።